ያየው ሰው አሳይታ ነው

መነሻ

ለዚህ ጉዞ ያስነሳኝ አንድ ስልክ ነው። የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ አጫጭር የክልል ዜናዎችን ያነባል። በዚያ ሰሞን ከተነበቡት አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ "በአዋሽ ከተማ አንድ ግለሰብ የግብረ ሰዶም ድርጊት ሲፈጽም በኅብረተሰቡ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።" ወሬው የተገኘው ብዙ ተከታይ ካለው አንድ የቴሌግራም ገጽ ነው። ማን ያዘው፣ ማን አየው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንባቢው ወደ አየር ሁኔታ ሳይሻገር የዝግጅት ክፍሉ ስልክ ጮኸ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ አነሳሁት።

"ሄሎ፣ በዜናችሁ ውስጥ ያለሁት ሰውዬ እኔ ነኝ" አለኝ ደከም ያለ የወንድ ድምፅ።

"ይቅርታ፣ የትኛው ሰውዬ?"

"የተያዘው። ማን እንደያዘኝ ልጠይቃችሁ ነው የደወልኩት። እጄን ሰብረው መንገድ ላይ የጣሉኝን ልጆች ነው 'ኅብረተሰቡ' ያላችኋቸው?"

ስሙን ጠየቅኩት፣ ሳያመነታ ነገረኝ። እኔ ግን እዚህ ከማል እለዋለሁ። የሌሎቹንም ሰዎች ስም ቀይሬያለሁ።

ወዲያው አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ነገር" ከማለት በቀር ስሙን መጥራት አይሆንለትም። "ሰውየው ተመታሁ ይላል፣ እነሱ ያዝነው ይላሉ። በዓይኑ ያየ ሰው ካገኘሽ ማስተካከያውን አንቺው ታነቢዋለሽ። ካላገኘሽ ግን በዚህ ነገር እጃችንን አናስገባም" አለኝ። ይህን የሚለኝ እጃችንን ካስገባን በኋላ መሆኑ ደሜን አፈላው። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

አዳማን አልፈን መተሐራ ላይ ለቁርስ ወረድን። ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ፤ ከአዲስ አበባው ረከስ ይላል፣ ቃሪያውም አይሰሰትበትም። ከበሰቃ ሐይቅ ዳር ካለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጀምሮ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። እኔ ሙቀት አልወድም፣ ይህን ከአሁኑ ልናገር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ላቤን ስጠርግ አይተው "ይሄማ ገና ብርዱ ነው" ብለው ሳቁብኝ።

አዋሽ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚወጡ የጭነት መኪኖች የሚያርፉባት ከተማ ናት። ከማል የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ከወሎ ከመጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው እትዬ ዘሀራ ከከብት ገበያው ጀርባ ሻይ ቤት አላቸው። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ወንድሜን ሬዲዮ ላይ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ?" አሉኝ። ነን አልኩ። ለአፍታ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና "ግቢ፣ ላብ በላብ ሆነሻል። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ እሰድብሻለሁ" አሉ። ውሃውን ሰጡኝ፣ ስድቡንም አልረሱት።

ከማል ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ጀሶ ውስጥ ነበር። የግራ ዓይኑ ዙሪያ ገና አልጠራም። "ግራ እጄ ሰነፍ ነበር፣ አሁን ሥራ ተገኘለት" ብሎ በግራው ጨበጠኝ። እህቱ ዕቃ ለማጠብ ወደ ጓሮ ሲወጡ ወንበሩን አስጠጋ።

"በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው አንድ ነገር ልንገርሽ። አዎ፣ ነኝ። እንደኔ ያለነው እርስ በርሳችን 'ዜጋ' ነው የምንባባለው። ይሄ ግን ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።"

"አልናገርም" አልኩት።

የሆነው ይህ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ ሊያደርስ በገበያው ጀርባ ሲሄድ አራት ወጣቶች አስቆሙት። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የአንዱን የሠርግ ሱሪ የሰፋው እሱ ነው። ያንን ስድብ እየጮኹ በዱላ ወረዱበት። አንዱ በስልኩ ይቀርጽ ነበር፤ ገጹ ላይ የወጣው ግን መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ልጆቹ "እሱ ነው የነካን፣ ይዘነው ነው" አሉ። ፖሊስም "ጸብ" ብሎ መዘገበው። በእነሱም በሱም ላይ መዝገብ ተከፈተ።

በአገራችን ሕግ ነገሩ ራሱ ወንጀል ነው። ስለዚህ "በዚህ ምክንያት ተመታሁ" ብሎ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ራሱን አስሮ እንደመሄድ ነው። ከማል የሚያውቃቸው የተደበደቡ ሌሎች አሉ፤ አንዱ "ከሞተር ሳይክል ወደቅኩ" ብሎ ታከመ፣ ሌላው "ሌባ መታኝ" ብሎ አለፈ። የሚመታ እንጂ የተመታ የለም ማለት ነው።

ጉዳዩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ግን ቅን ሴት ነች። "ለኔ ይሄ እጅህ ይበቃኛል፣ ለዳኛው ግን አይበቃም። ያየ ሰው አምጣልኝ" ብላዋለች። በቀጠሮው ቀን ምስክር ካልመጣ የአራቱ ክስ ይቋረጣል፣ የከማል ግን ይቀጥላል። አራት ሰው በአንድ ቃል ሲመሰክርበት የሚሄደው ወህኒ ቤት ነው። ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

ድብደባው ከተፈጸመበት ቦታ ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን እንድሪስ የተባለ ነጋዴ ሄጄ ጠየቅኩት። "አላየሁም፣ ዕቃ እያወረድኩ ነበር" አለኝ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎችን እየደረደረ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳያየኝ፣ "ለሱ የመሰከረ ሰው ነገ ምን እንደሚባል አታውቂም እንዴ? ልጆች አሉኝ" አለ። ዓይኑ ሌላ፣ አፉ ሌላ ነበር የሚናገረው።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ከማል አንድ ነገር አስታወሰ። ዱላው የቆመው አንድ አፋር ሰውዬ ሁለት ግመል እየነዳ መጥቶ ስለጮኸባቸው ነው። መሀላቸው ገብቶ ቆመ፣ ለከማል ከጀሪካኑ ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ ግመሎቹን ይዞ ሄደ። ስሙን አያውቀውም።

እትዬ ዘሀራ ይህን ሲሰሙ ኩባያውን አስቀመጡ። "ያየው አፋር ነው እንዴ? ምነው ይህን ሁሉ ቀን ሳትነግረኝ! እንግዲያው ሰውየው አልጠፋም" አሉ።

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ይህ ዳጉ ይባላል። ያየውን "አየሁ"፣ የሰማውን "ከእገሌ ሰማሁ" ብሎ ለይቶ መናገር ግዴታ ነው። የቀላቀለ ወይም የጨመረ ሰው ይዋረዳል። እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው ወደ ከብት ገበያው ወሰዱኝና አንድ ደንበኛቸው የሆነ የፍየል ነጋዴ ጠየቁልኝ። ሰውየው ሳያስብ መለሰ።

"የልብስ ሰፊው ዳጉ ደርሶኛል። የነገረኝ ዓሊ ነው፣ ገዋኔ ሥጋ ቤት ያለው። ዓሊ ካየው ሰው ነው የሰማው።"

ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ምንጩን በዚህ ፍጥነት የነገረኝ ሰው የለም።

ገዋኔ

ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚኒባስ ተጓዝኩ። ግራና ቀኙ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የግጦሹን ሜዳ ጨርሶ ውጦታል። መኪናው ሞልቶ ተርፏል፣ ከኋላዬ የታሰረ ሙክት ፀጉሬን ለመብላት ይሞክራል። ከፊቴ ወንበር የተቀመጠ፣ ኮፍያውን ያዞረ ጎልማሳ ስለ ምን ያወራል መሰላችሁ? ስለ ከማል። ሦስት ሰዎች ናቸው አለ፤ ቤት ተከራይተው ነበር አለ፤ ከውጭ አገር ብር ይላክላቸዋል አለ። እያንዳንዱን ነገር ሲጨምር ተሳፋሪው "አስተግፊሩላህ!" ይላል፣ እሱም ይበረታታል። ምላሴን ነክሼ ብዙ ቆየሁ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። "ወንድሜ፣ ይህን ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ሁሉም ሰው ያውቃል።"

"እስቲ የሁሉም ሰውን ስልክ ስጠኝ፣ ልደውልለት።"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን እየመታ ሳቀ። ሰውየው ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እስክንወርድ ድረስ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከአየሉ ተራራ በላይ ደመና ነበር። ገዋኔ ስንደርስ የዓሊን ሥጋ ቤት የሚያሳየኝ አላጣሁም። ሽርጡን ያገለደመ፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ ወጣት ነው። የፍየል ጥብስ አዝዤ እስኪደርስ የመጣሁበትን ነገርኩት። እሱም ቢላዋውን አስቀምጦ፣ ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

"አራት ሰው አንድ ሰው መቱ። አንዱ በስልክ ይቀርጽ ነበር። የተመታው የተሰፋ ልብስ ይዞ ነበር፣ ሌላ ነገር በእጁ የለም። ከወደቀ በኋላም መቱት። ይህን ያየው ሁመድ ነው፣ እኔ ከሁመድ ሰማሁ።"

"ለምን እንደመቱት ነግሮሃል?"

"የሚጮሁትን ቃል ነግሮኛል። ያን ግን ያየው አይደለም፣ ከመቺዎቹ አፍ የሰማው ነው።"

ከከማል አፍ የሰማሁት ቃል በቃል ነበር። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ በሁለት ሰው አፍ አልፎ፣ አንዲት ነገር አልተጨመረበትም። የኛ ዜና ግን ከስልክ እስከ ማይክሮፎን ድረስ ብቻ ሄዶ ያ ሁሉ ሆነ።

"ሁመድ የት ነው ታዲያ?" አልኩት።

"ያየው ሰው አሳይታ ነው" አለ ዓሊ፣ ጥብሱን እያቀረበ። ጥብሱም ጥሩ ነበር።

ሰመራ

ሚሌን አልፈን ሎጊያ ስንደርስ መንገዱ ዳር ለዳር በጭነት መኪና ተሞልቶ ነበር። ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ጥላ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተኝተዋል። ሰመራ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ሰፋፊ መንገድ፣ አዳዲስ መሥሪያ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስ። ነፋስ ሲባል እንዳትደሰቱ፣ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ዓይነት ነው። አንድ የወሎ ሰው በሚያስተዳድሩት ሆቴል አልጋ ያዝኩ። "ማራገቢያው ይሠራል ወይ?" ብዬ ስጠይቅ "ይዞራል፣ ቀዝቃዛ ካገኘ ያመጣልሻል" አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ ቀድመው ስለደወሉላት ፋጡማ ሆቴሉ ድረስ መጣች። አፋር ናት፣ አስተማሪ ናት፣ አዋሽ ስታስተምር እትዬ ዘሀራ ቤት ተከራይታ ነበር። ሩዝ በፍየል ሥጋ አብረን እየበላን ልታስተረጉምልኝ ተስማማች። ከዚያ እጇን ታጥባ ጠየቀችኝ።

"ሁመድ 'ለምን መቱት?' ይልሻል። ምን ልትመልሺ ነው?"

የተዘጋጀሁበትን ነገርኳት። "ተሳስተው ነው፣ ሰውየው እንደሚሉት አይደለም" ልል ነበር። ለበጎ ነው፤ ደግሞም ማን ያውቃል?

ፋጡማ ፈገግታዋ ጠፋ። "እውነት ካልሆነ እንዳትዪው። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ቃሉ ከዚያ ወዲያ አይሰማም። የምትዋረጂው ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። አንቺ ነገ አዲስ አበባ ነሽ፣ ያመጣሁሽ እኔ ግን እዚሁ ነኝ።"

ብዋሽ ፋጡማን አዋርዳለሁ፤ እውነቱን ብናገር ለከማል የገባሁትን ቃል አፈርሳለሁ፣ ምናልባትም ምስክሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ማራገቢያው ከላዬ ይዞራል፣ እኔም በሐሳብ ከሱ ጋር እዞራለሁ።

አሳይታ

በማግስቱ ጠዋት አሳይታ ገባን። ከአዋሽ ወንዝ በላይ የተቀመጠች የቆየች ከተማ ናት፤ ከአቧራው በታች ወንዙና አረንጓዴው እርሻ ሲታይ ዓይን ያርፋል። ገበያው ላይ ፋጡማ አንድ ሰው ጠየቀች፣ ያም ሁመድን ያየበትን ቦታ ነገራት። ባጃጅ ተከራይተን በአፋምቦ መንገድ ትንሽ ወጣ አልን። ሁመድ ከዛፍ ሥር፣ ግመሎቹን አስተኝቶ ተቀምጧል። ጢሙ ሽበት የጣለበት፣ ዱላውን በጉልበቱ ላይ ያጋደመ ሰው ነው።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዘልዬ ሄጄ ሰላም አልኩት፣ መቅረጸ ድምፄን አወጣሁ፣ "አዋሽ ላይ ያዩትን ይነግሩኛል?" አልኩ። ሁመድ መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ግመሎቹ ዞረ። መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅኩ። አሁንም የለም።

ፋጡማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "አንቺ ሴት፣ ሳትሰጪ ትወስጃለሽ እንዴ? ገና መች ተቀመጥሽ! ከሩቅ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ መጀመሪያ ያንቺን ወሬ ስጪ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሬ ነገርኩት። መተሐራ ላይ ሐይቁ ወደ መንገዱ መቅረቡን፣ ገዋኔ ላይ ደመና እንጂ ዝናብ እንዳላየሁ፣ ሎጊያ መኪና መሰለፉን፣ ሚሌ አካባቢ ያየኋቸው ፍየሎች መክሳታቸውን። "ጅቡቲ ድንበሩ ገላፊ ላይ ወረፋ አለ የሚባለውን ከሾፌር ሰማሁ፣ አላየሁም" ስል ሁመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ለካ ይህ የኔው ሥራ ነው! ጣፈጠኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስለነበረው ሰውዬና ስለ ሙክቱም ነገርኩት፣ ሳቀ። በመጨረሻ ከማል ጋ ደረስኩ። ጀሶ ውስጥ ያለ እጁን አየሁ አልኩ። ምስክር ካልተገኘ እንደሚታሰር ከራሱ ሰማሁ አልኩ።

ሁመድ የፈራሁትን ጠየቀ። "ለምን መቱት? የሚጮሁት እውነት ነው?"

ፋጡማ ተርጉማ ዓይኔን አየችኝ። ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት።

"ሰውየው ስለ ራሱ የነገረኝ ነገር አለ" አልኩ። "ግን የኔ አይደለም፣ የሱ ነው። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል። ስለዚህ አለ ወይም የለም አልልዎትም።"

ፋጡማ ተረጎመች። ሁመድ ጢሙን እያሸ ወደ መሬት አየ። አበቃለት፣ አልኩ በልቤ።

"ደህና" አለ ሁመድ። "የሰው ዕቃ አደራ ተቀብለሻል፣ አሳልፈሽ አልሰጠሽም። አልዋሸሽምም። እኔ ደግሞ የሚጮሁትን ሰምቻለሁ፣ ያየሁት ግን ዱላ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የሰውየውን ልብ የሚያውቀው አላህ ነው፣ ሒሳቡም ከሱ ጋር ነው። የዱላውን ግን እኔ አውቃለሁ።" ዱላውን ይዞ ተነሳ። "ዳኛው መቼ ነው የሚቀመጠው?"

አለቀስኩ። እዚያው ግመሎቹ ፊት፣ ምንም ሳላፍር። ፋጡማም በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ሁመድ ግመሎቹን ለወንድሙ ልጅ አደራ ብሎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አብሮን ተሳፈረ።

ፍርድ ቤቱ

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ሁመድ አዋሽ እትዬ ዘሀራ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከማል ወጥቶ ሲያየው አወቀውና ግራ እጁን ዘረጋለት። ሁመድ የግራ እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው። እትዬ ዘሀራ ስኳር ደጋግመው ጨመሩለት፣ ሻይው ማር ሆነ።

በዚህ መሀል ነጋዴው እንድሪስ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ሁመድ እንዳየው በተሰባበረ አማርኛ "አንተን አይቼሃለሁ" አለው።

"እኔን? የት?"

"የዚያን ቀን። በርህ ላይ ቆመህ። እጅህ ባዶ ነበር።"

እንድሪስ ፊቱ ተለወጠ። "ይህንንም ፍርድ ቤት ትናገራለህ?"

"ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ" አለ ሁመድ፣ እንደ ተራ ነገር። እንድሪስ ሻይውን ሳይጠጣ ወጣ። ቀትር ላይ ተመልሶ መጣና ከማል ፊት ቆመ። "አልሐምዱሊላህ እጅህ እየዳነ ነው" አለ። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ "እኔም ነገ እመጣለሁ። ልጆቼ 'አባታችሁ አይቶ ካደ' ከሚባሉ..." አለና ሳይጨርሰው ሄደ።

በማግስቱ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ሁመድ በቁርኣን ማለ። የተከሳሾቹ ጠበቃ ተነስቶ በአስተርጓሚ ጠየቀው።

"ሰውየው ምን ሲያደርግ አየኸው?"

"ሲሄድ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት አላየሁትም።"

"ታዲያ ልጆቹ ያለ ምክንያት መቱት ትላለህ?"

"ምክንያታቸውን እየጮኹ ነበር። እኔ ፈጥሬ አልጨምርበትም" አለና ቃሉን ደገመው። ዳኛው "ተከሳሾቹ እየመቱ የተናገሩት ቃል እንዳለ ይመዝገብ" አሉ። ከማል እንደነገረኝ እንደሱ ያሉት ሲመቱ የሚጮኸው ቃል መንገድ ላይ ቀርቶ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን የመቺዎቹ ምክንያት ከመቺዎቹ ስም አጠገብ ተጻፈ።

ቀጥሎ እንድሪስ ገባ። ከመጀመሪያው ዱላ እስከ መጨረሻው ተናገረ። ስልክ የያዘውን ልጅ ስሙን ጠርቶ በጣቱ አሳየ። ልጆቹ የሚያቀርቡት መከላከያ አልነበራቸውም፤ እርስ በርስ መካሰስ ጀመሩ። ከምሳ በኋላ ዳኛው ውሳኔውን አነበቡ። አራቱም የአካል ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ከማል ከቀረበበት ክስ በነጻ ተሰናበተ። እትዬ ዘሀራ ዳኛው ጸጥታ ቢያዙም እልልታቸውን አቀለጡት። ዐቃቤ ሕጓ ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ ፊቷን ዝቅ አድርጋ ፈገግ ስትል አየኋት።

የሆነውን ከሆነው በላይ አላሳምረውም። ያው ሕግ ዛሬም አለ፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከማል ላይ የተፋም ሰው ነበር። ነገር ግን በአዋሽ ከተማ የተመታ ሰው "ተመታሁ" ብሎ፣ ሳይዋሽና ሳይታሰር፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ሄደ። እኔ ይህን አይቻለሁ።

መመለሻ

ሁመድን እስከ መናኸሪያ ሸኘነው። ከማል የስፌት መኪናውን በግራ እጁ እየነዳ ሲሰፋው የሰነበተውን አዲስ ሽርጥ ሰጠው። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ ሁመድ ገልብጦ አይቶ "ጠማማ ነው" አለ፣ እዚያው አገለደመው። ሦስታችንም ሳቅን።

ለመሳፈር ስነሳ ከማል "ተቀመጪ" አለኝ። "እኔም ዳጉ አለኝ። ያየሁት፦ የማላውቀው ሰው ለኔ ብሎ ግመሉን ትቶ ሲመጣ። የሰማሁት፦ ከፋጡማ፣ አንቺ ከዛፍ ሥር ያልሽውን። የኔ የሆነው ደግሞ አንቺ ዘንድ አደራ ነበር። አሁን ሰጥቼሻለሁ፤ ስሜን ቀይሪና ጻፊው። ነኝ።"

ስለዚህ ጻፍኩት። በመንገዱ ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ስለ ሥራዬ ነው። ስንት ዜና አንብቤ "ተባለ" ብዬ አልፌያለሁ! ማን አለ? ማን አየ? ከእንግዲህ እነዚህን ሳልጠይቅ የሰው ስም በአፌ አይገባም። ሰውየው ስለ ራሱ ያላለውንም እኔ አልልለትም።

አለቃዬ የምስክሮቹን ድምፅ አዳመጠ። "እሺ" አለ፣ መነጽሩን እያወለቀ። "እንዴት ብለን እንጥራው ታዲያ... ያን ነገር?"

"የጥላቻ ድብደባ" አልኩት። ጻፈው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያ ዜና በተነበበበት ሰዓት ላይ ራሴ አነበብኩት። ያነበብነው ስህተት እንደነበር፣ የተያዘ ሰው እንዳልነበረና የተመታ ሰው እንደነበረ፣ እየመቱ ምን ይሉ እንደነበር፣ ማን እንዳየና ፍርድ ቤቱ ምን እንዳለ። የቴሌግራም ገጹ ቪዲዮውን አጥፍቷል፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ማይክሮፎኑን ዘግቼ ስወጣ የዝግጅት ክፍሉ ስልክ ይጮህ ነበር። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሮጬ አነሳሁት። ከወዲያ በኩል የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ትንሽ ሄደና ቆመ።

"ሄሎ" አለ ድምፁ፣ ሳቁን መያዝ እያቃተው። "በዜናችሁ ውስጥ ያለሁት ሰውዬ እኔ ነኝ።"